የወርቅውሃ ድምፅ

ስንቄ ከመጋረጃው ጀርባ ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን በቀዳዳው ላይ ተክላ ትዘፍናለች። መድረኩ ላይ ደግሞ መምህርት የዓለምወርቅ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አቤት ስታምር! ድምፅ ግን አልፈጠረባትም። የጃንሆይ ልደት ነውና የነገሌ ጦር ሰፈር አዳራሽ ጢም ብሏል፤ ቴአትሩም ስሟ እስከ ሞያሌ ይሰማ የነበረው የሟቿ ዘፋኝ የወርቅውሃ ታሪክ ነው።

"ድምፅሽን ይስሙ፤ አንቺን ግን ማንም እንዳያይሽ። የአዳነ ሚስት መድረክ ላይ ወጣች እንዲባል አልፈልግም" ብሏታል ባሏ፣ አስር አለቃ አዳነ። እሺ ብላ ነበር። ሰው "ወይ የዓለምወርቅ! ወይ ጉሮሮ!" ባለ ቁጥር ግን አንጀቷ ያርር ነበር፤ ምን ታድርግ።

ዘፈኑ ሲደምቅ ሽማግሌው አቶ ጃልዴሳ ከፊት ወንበር ተነስተው መድረክ ላይ ወጡ። ወርቅውሃን በሕይወት ሳለች ያውቋት ነበር፤ ያኔ ያደርጉት እንደነበረው ግጥም ሊሰጡ ነው። ዘፋኝ ደግሞ የተሰጣትን ግጥም ተቀብላ ማዜም አለባት።

"አካም፣ ወርቅውሃ!" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡና በየዓለምወርቅ ጆሮ አንሾካሾኩ።

ይህን ማንም አላሰበውም። ማሲንቆ መቺው ወልደየሱስ ያንኑ ዜማ ይደጋግማል። የዓለምወርቅ ግጥሙን ብትሰማም ማዜም አትችልም፤ ስንቄ ማዜም ብትችልም ግጥሙን አልሰማችም።

"ተቀበይ እንጂ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ተነሳ።

የዓለምወርቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ መጋረጃው ዞረች። "ስንቅዬ፣ ኧረ ድረሽልኝ!"

ስንቄ በቀዳዳው ባሏን ፈለገችው። አዳነ አንገቱን ደፍቷል። ብትወጣ ቤቷ ሊታመስ ነው፤ ብትቀር ልጅቷ በሰው ፊት ልትዋረድ ነው። ኧረ የመጣው ይምጣ! መጋረጃውን ገልጣ በባዶ እግሯ ወጣች።

"ናጋ፣ አባቴ። የምዘፍነው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ይንገሩኝ" ብላ ሰላምታውን መልሳ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

አቶ ጃልዴሳ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና ፈገግ ብለው ነገሯት። ስንቄ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ከመሀል አንድ ሰው ብድግ አለ። አዳነ ነው።

"ተቀበይ፣ ስንቄ!" ብሎ ጮኸ፤ "ተቀበይ፣ የኔ እመቤት!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የዓለምወርቅ ቀስ ብላ ወደ መጋረጃው ልትሸሽ ስትል ስንቄ እጇን ያዘቻት።

"የት ልትሄጂ? ወርቅውሃ አንቺው ነሽ፤ እኔ ልዝፈንልሽ" አለቻትና ግጥሙን ተቀበለች።