ያልጠገበ ፍርድ

ከተማችን ባርንስሊ ውስጥ ሬጂ ሳግደንን የማያውቅ ግንበኛ የለም። ሲሚንቶውንም ጂፕሰሙንም በዱቤ ይሰጣል፤ በሰጠ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይወስድብሃል። ከኔ የወሰደው ስሜን ነው።

እናቴ ያወጣችልኝ ስም ኔቪል አክሮይድ ነው። ሙያዬ ልስን ነው። አንድ ክረምት አሠሪዬ የድካሜን ዋጋ በልቶ ሲጠፋ የሳግደንን ዱቤ በቀጠሮው መክፈል አቃተኝ። "ነገ እከፍላለሁ" አልኩት። በማግስቱም እንዲሁ አልኩት። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? "ነገ" ብሎ ሰየመኝ። "ነገ መጣ፣ ዕቃ ደብቁ!" ይላል ገና ከሩቅ ሲያየኝ። ሠራተኞቹ ተቀበሉት፤ ቀጥሎ ቢራ የምንጠጣበት ክበብ በሙሉ ተቀበለው። ይህ አልበቃ ብሎት ከሰሰኝ፣ ተፈረደብኝ።

ገንዘቡን እንደምንም ቋጥሬ ቅዳሜ ዕለት፣ ክበቡ ጢም ብሎ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። ሳግደን ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ "ጎበዝ! ነገ ዛሬ መጣ!" አለ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረሰኝ ሳልቀበል ወጣሁ። ማን ቆሞ ይቀበላል? ከዚያ ወዲህ ክበቡን ረግጬው አላውቅም። ሚስቴ ጃኒስም "ነገ" የሚለውን ቃል በኔ ፊት አታነሳም፤ "ሲነጋ ሐኪም ቤት አለብኝ" ነው የምትለው።

ሐኪም ቤት የምትመላለሰው ለዓይኗ ነው። ብርሃኗ እየከዳት ስለሆነ ቤታችንን በእጇ ነው የምታውቀው። ግድግዳውን የለሰንኩት እኔ ነኝ፤ መዳፏን እያስኬደች ከጓዳ እስከ ደጅ ሳትደናቀፍ ትደርሳለች። ቤቱ ግን ኪራይ ነው። አከራያችን ሲሞት ልጆቹ "እንሸጠዋለን፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገዛችሁ ለሌላ ሰው ነው" አሉን። ከባንክ ከመበደር ሌላ ምን አለን?

የቤት ብድር ፈላጊን ከባንክ የምታገናኝ ሺሪን የምትባል ልጅ ደወለችልኝ።

"አቶ ኔቪል፣ የፍርድ ቤት ነገር አለብዎት እንዴ?"

"ከፍያለሁ።"

"መዝገቡ እንደሱ አይልም። ፍርዱ አልጠገበም ነው የሚለው።"

እኛ አገር ፍርድ ቤት የተከፈለ ፍርድ "ጠገበ" ይባላል፤ ልክ እንደ ሰው። ሳግደን ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ለፍርድ ቤቱ ትንፍሽ ሳይል ቀርቷል። እኔ ተገላገልኩ ብዬ ስኖር ያ ፍርድ ለካ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ኖሯል።

"ስድስት ዓመት ሲሞላው በራሱ ይጠፋል" አለች ሺሪን፤ "ግን ያን ያህል ጊዜ የለዎትም። ያልጠገበ ካለ ባንኩ ፋይልዎን እንኳ አይከፍተውም። ከጠገበ ቢያንስ ያዩታል። ከሳሹ 'ተከፍሎኛል' ብሎ ይፈርምልዎት።"

"እሱ ደጅ ከምቆም እዚሁ ብደፋ ይሻለኛል" አልኳት ለጃኒስ።

"ይሁን" አለች፤ "እኔ የሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ስላተም ቁጭ ብለህ ታያለህ።"

ሄድኩ። የሳግደንን በር የከፈተችልኝ ልጁ ሂላሪ ናት። ሽማግሌው ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጥሎ በቴሌቪዥን የፈረስ እሽቅድምድም ያያል። ያ ግዙፍ ሰውዬ ወንበሩ ውስጥ ሰምጧል።

"ኔቪል አክሮይድ ነኝ" አልኩት።

"ፖስተኛው?"

"ለሳኙ።"

"ለሳኝ አልጠራሁም። ሂላሪ፣ ለሳኝ ጠርተሻል?"

ስለ ዱቤው ነገርኩት፣ ስለ ክሱ፣ ስለዚያች ቅዳሜ፤ የሚፈርምበትን ወረቀትም ዘረጋሁለት። አንገቱን ነቀነቀ። "ክበብ ውስጥ ስንቱ ከፍሎኛል፣ የኔ ልጅ። አላውቅህም።"

ሂላሪ ወረቀቱን መለሰችልኝ። "አዝናለሁ። ባለፈው አንዱ አታሎ አስፈርሞታል። የማያስታውሰውን አይፈርምም።"

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ስንት ዓመት መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ስሰድበው፣ ስረታው፣ ይቅርታ ሳስጠይቀው ኖሬአለሁ። እሱ ሌሊቱን ሙሉ እያንኮራፋ ያድር ነበር። ለካ የተጣላሁት ብቻዬን ነው! አሁን ደግሞ ጥላቻዬ ቤት ሊያሳጣኝ ነው፤ ሂላሪ በሩን ከፍታ መውጣቴን ትጠብቃለች። ጃኒስ ግድግዳውን ስትዳብስ ታየችኝ።

"ነገ ነኝ" አልኩ።

"ምን አልክ?" አለች ሂላሪ።

"ነገ!" ጮህኩ። "እኔ ነገ ነኝ!"

የሽማግሌው ፊት እንደ መብራት ቦግ አለ። "ነገ! አንተ ከይሲ! ዛሬ መጣህ?" እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "ሂላሪ፣ ይሄ እኮ ነገ ነው! ገንዘቡን ዘርግፎልኝ ደረሰኝ ሳይቀበል የሮጠው! ተመለስ ብዬ ብጮህ የት ይሰማል!"

"ታዲያ ከፍሎሃል?"

"እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም! አምጪ ብዕሩን!"

ፈረመ። ከዚያ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ "ለመሆኑ ስምህ ማን ነበር?" አለኝ።

"እዚያው ተጽፏል" ብዬው ወጣሁ። ከኋላዬ ገና ይስቃል።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሺሪን ደወለች። "አቶ ኔቪል፣ ፍርዱ ጠገበ! መዝገቡ ላይ ገብቷል፤ ለባንኩም ልኬዋለሁ።"

"ያበድሩናል?"

"ከአሮጌ ፍርድ ጋር የሚመጣ ሰው አይወዱም። እሺ ይላሉ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ነገ ይነግሩናል።"

ስልኩን ዘጋሁት። ጃኒስ ጓዳ በር ላይ ቆማ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ድምፄ ወዳለበት ዞራለች።

"እሺ አሉ?"

"ገና ነው።"

"መቼ ነው የሚነግሩን ታዲያ?"

ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ሽማግሌው ቤት ጮሄ ያወጣሁት ቃል እሷ ፊት ሲሆን አልወጣ አለኝ።

"ሲነጋ" አልኳት።