የፔጆዋ ወንበር ቆዳ

ፔጆዋን ባላምባራስ ታረቀኝ የገዟት ድሬዳዋ ላይ ከአንድ ፈረንሳዊ ነው። ሰውየው ለምን እንደሸጣት እኔ ነጅሙዲን፣ ኮርቻ ሰፊው፣ ገና የኋላ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጥኩ ገባኝ። ሞላው ጨርቁን በስቶ ወጥቶ ነበርና ከመቀመጤ ብድግ አልኩ። ቆቦ ከገባች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእህል መጋዘናቸው ጀርባ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዷል፤ የጣሪያዋ ጨርቅ በስብሶ እንደ ሽማግሌ ጉንጭ ተንጠልጥሏል። ሞተሯን አትጠይቁኝ፤ እሱ የሐድጉ ጣጣ ነው።

ሐድጉ ከአላማጣ የመጣ መካኒክ ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ እሱ ወሬ አይወድም፣ እኔ ካላወራሁ እጄ አይሠራም። የሚያገናኘን አንድ ነገር ነው። ሰው እሱን ቀጥቃጭ፣ እኔን ፋቂ እያለ ይንቀናል፤ ሲቸግረው ደግሞ እየተለማመጠ ይመጣል።

ዘመኑ 1965 ነበር፣ ወሩ መጋቢት። ዝናብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከዋጃ እስከ ጎብዬ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ተቀምጦበታል። የተቀመጠው መሄድ ስላቃተው ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ትናንት ቁጭ ብሎ ያየሁት ሰው ዛሬ ተጋድሞ እንዳላየው ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ አልፋለሁ። በዚህ መሀል ነው ባላምባራስ ጠርተውን "ግንቦት ላይ ደሴ ልጄን እድራለሁ፤ ፔጆዋ እንደ አዲስ ትሁንልኝ" ያሉን። ናቅኳቸው። ነገር ግን በሳምንት በሳምንት አንዳንድ ቁና ማሽላ እንሰፍርላችኋለን ሲሉ ንቀቴን ዋጥ አድርጌ ወስፌዬን አነሳሁ።

ለቁናው ብቻም አልነበረም። ታላቅ እህቴ ኡሙሃኒ ሮቢት አጠገብ፣ ስድስት ቤት ብቻ ባላት መንደር ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ሞቷል። ልጇ ዚነት ኮምቦልቻ አግብታ እንጀራ አላት። ፔጆዋ ወደ ደሴ ስትሄድ ኡሙሃኒን ትንሽ አልፋ ኮምቦልቻ እንድታደርስልኝ ባላምባራስን እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። እንግዲህ እኔ ያን ወንበር የምሰፋው ለእህቴ ነፍስ ነበር። በየሳምንቱ ከቁናዬ ግማሹን ይዤላት እሄዳለሁ፤ በየሳምንቱ ክንዷ ቀጥኖ ይጠብቀኛል፤ በየሳምንቱ "አልሄድም" ትለኛለች።

"ቦራ ከዞብል ሲመለስ ማን ይቀበለዋል?" ነው መልሷ።

ቦራ በሬዋ ነው። ሣር ሲያልቅ ዘመዳችን ሙሀመድሰይድ ከሌሎች ከብቶች ጋር ወደ ዞብል ተራራ ነድቶት ሄዷል። ቦራ ከጎረቤቷ ከበድረዲን በሬ፣ ከወይኖ ጋር መቀናጆ ነው። እሷም አንድ፣ እሱም አንድ በሬ ስላላቸው ሁለቱን አጣምረው የስድስቱን ቤት መሬት በተራ ያርሱበታል። አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የትም አይደርስም ይባል የለ።

"እታለም፣ በሬው ይምጣ ይቅር አላህ ያውቃል። አንቺ ግን እያለቅሽ ነው" አልኳት አንድ ቀን።

"አብሽር ነጅሙ። ሐምሌ ላይ ኢንሻ አላህ ይዘንባል። ሲዘንብ እዚህ መገኘት አለብኝ።"

"ለአንድ በሬ ብለሽ ልትሞቺ ነው?"

"ለአንድ በሬ ብዬ" አለችና ፊቷን አዞረች።

ግትር ናት። አባታችን "ይህች ልጅ በቅሎ ሆና ብትፈጠር ደህና ዋጋ ታወጣ ነበር" ይል ነበር። ተናድጄ ሮቢትን ለቅቄ እስክወጣ ብቻዬን እያወራሁ ሄድኩ።

ሐድጉ ሞተሩን አውርዶ በጆንያ ላይ በትኖታል። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? የፒስተኑን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ከደሴ አስመጣ፤ በሞተሩ ራስ ሥር የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ከመዳብ ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጦ ሠራ፤ ካርቡራተሩን በነጭ ጋዝ አጥቦ ቀዳዳውን በፈረስ ጭራ ጠረገ። አንዲት ቡሎን ለመፍታት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጉልበት የለውማ። ቁልፉን ይጎትትና ያርፋል፣ ይጎትትና ያርፋል። አንዳንዴ መኪናው ሥር እንደገባ ድምፁ ሲጠፋብኝ እግሩን ሳብ አደርገዋለሁ።

"አለሁ አንታ" ይላል። "ትንሽ ተኝቼ ነው።"

እኔም ያው ነኝ። አሮጌውን ወንበር ገፍፌ ሞላውን በሽቦ ጠገንኩ፤ በላዩ ቃጫ አነጠፍኩ፤ ጣሪያውን በአቡጀዴ ለበጥኩ። ሌላ ጊዜ በሳምንት የምጨርሰው ሥራ ወር ወሰደብኝ። ወስፌው ከበደኝ ብል ማን ያምነኛል?

ለወንበሩ ልብስ ስድስት ቆዳ ያስፈልግ ነበር። ቆዳ እንደዚያ ዘመን ረክሶ አያውቅም። ከብቱ ያልቃል፣ ቆዳው ገበያ ይወጣል። ዋጃ ላይ መርጬ ገዛሁ፤ ነክሬ፣ ፍቄ፣ አልፍቼ ለስፌት አደረስኩት። አራተኛውን ቆዳ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስለካ እጄ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

የቀኝ ትከሻው ላይ ጠባሳ አለ። ጠባሳው ግራና ቀኝ የመርፌ ቀዳዳ አለው፤ ሰባት ስፌት ነው፤ ሦስተኛው ጠማማ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ቦራን ሌላ በሬ ወግቶት ትከሻው ተተርትሮ ነበር። በጅማት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ረግጦኝ እጄ ሳተ። ሰው የገዛ ስፌቱን እንዴት ይረሳል?

"ሱብሃነላህ" አልኩ። ሐድጉ ከመኪናው ሥር ወጥቶ መጣ። ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቆዳውን አገላብጦ አየው።

"አንታ ነጅሙ፣ ክፉ ልናገር ነው" አለኝ። "በሬው ከሞተ ትሄዳለች። ንገራት።"

ጠላሁት። የጠላሁት እሱ ከመናገሩ በፊት እኔው ራሴ አስቤው ስለነበር ነው። በሬዋ ሞቶ ደስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ምን ይደረግ፣ እህቴ እንድትኖር ፈለግሁ።

ብቻ መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ለብቻው ላለ ሰው፣ ብቻውን ሄዶ አይነገርም። ልቡ ቢቆምስ? በጠዋት ጎረቤት ይዞ፣ ደግፎ፣ አጽናንቶ ነው። ለበሬ ነውና ምን አለበት አትበሉኝ፤ እሷ ያን ያህል ወር የኖረችው በቦራ ስም ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ሮቢት ደረስኩና አስቀድሜ የበድረዲንን ደጃፍ አንኳኳሁ። ቀጥሎ የዓሊማን፣ ቀጥሎ የቀሩትን ቤቶች። የመንደሩ ዳር ላይ ሰብስቤ "ቦራ ሞቷል፤ ቆዳውን በእጄ ይዤዋለሁ፤ እህቴን አብራችሁ አርዱልኝ" አልኳቸው። የበድረዲን ፊት አመድ ሆነ። ለእሷ አዝኖ መስሎኝ አላህ ይስጥህ አልኩት።

ገባን። ስምንት ሰው ሆነን ቁጭ አልን። ኡሙሃኒ ከመደቧ ተነስታ አንድ በአንድ አየችን።

"ኸይር ነው?" አለች።

"እህቴ፣ ሰብር አድርጊ" አልኩ። "ቦራ የለም።" ስለ ቆዳው፣ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ፔጆዋ ወንበር ነገርኳት።

አላለቀሰችም። እኔንም አላየችኝም። ዓይኗ በድረዲን ላይ ነበር። እሱ "ያ ረቢ" ብሎ ወጣ። ሌሎቹም "አላህ ይተካልሽ" እያሉ ተከትለውት ወጡ። ለማጽናናት የመጣ ሰው እንዲህ ቶሎ ሲነሳ አይቼ አላውቅም።

ብቻችንን ስንቀር ቁጭ አለች።

"ሙሀመድሰይድ የካቲት ላይ መጥቶ ነግሮኛል" አለችኝ። "ለማንም እንዳይናገር ቁርአን አስመትቼ ነው የሸኘሁት።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ቦራ ይመጣል ስላልኩ በድረዲን ወይኖን አልሸጠም። ወይኖ ስላለ፣ ይታረሳል ብለው እነዚህ ሰዎች ዘራቸውን አልነኩም። ልጆቻቸው እያለቀሱ፣ ጎተራ ውስጥ ዘር አስቀምጠው ነው በረሃብ የተኙት። ሐምሌ እስኪደርስ ልይዛቸው ነበር።"

"ሐምሌስ ቢደርስ? በአንድ በሬ?"

"ወይኖን ከአህያ ጋር እጠምደው ነበር። አህያም ከታጣ ቀንበሩን እኔ እገባበት ነበር። ዘር ካለ መሬት ይጫራል። ዘር ከሌለ ግን በሬውስ ምን ያደርጋል?"

"ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምናለበት?"

"አንተ አፍህ ወንፊት ነው ነጅሙ" አለችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን፣ ድሮ ልጅ ሳለን እንደምትለኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቀትር ሳይደርስ ከአምስቱም ቤት ጭስ ወጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ልጆች ሲንጫጩ ሰማሁ። ዘሩን እየቀቀሉት ነበር። ዓሊማ እንግዳ አይለፈኝ ብላ በጣባ ንፍሮ ይዛልኝ መጣች፤ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በላሁት፤ ጣፈጠኝ፤ ጣቴንም ላስኩ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ንፍሮ ሳስብ ራሴን እጠላለሁ።

በሳምንቱ በድረዲን ወይኖን ጎብዬ ገበያ ነድቶ ለባለ ሥጋ ሸጠው። ከዚያ አንዱ ወደ ወልድያ፣ አንዱ ወደ አፋር ቆላ፣ ሌላው ወደማይታወቅ ተበተኑ። ማን እንደ ደረሰ፣ ማን መንገድ ላይ እንደ ቀረ አላውቅም። ኡሙሃኒ የመጨረሻዋ ሆነች።

"አሁን ውሰደኝ" አለችኝ። "የምጠብቀው የለም።"

ግንቦት አጋማሽ ላይ ሐድጉ ሞተሩን አስነሳ። አንዴ አነጠሰች፣ ሁለቴ አነጠሰች፣ ሦስተኛው ላይ ድምጿ ቀጥ ብሎ ወጣ። እንደዚያ ያለ ጥሩ ድምፅ ከዚያ ከተጣለ ብረት ይወጣል ብሎ ማን ይገምት? ሌላ ጊዜ ቢሆን ተቃቅፈን እንጨፍር ነበር። ሐድጉ ኮፈኑን ዘጋና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባላምባራስ መጥተው ወንበሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ "ማለፊያ! ፈረንሳዩ ራሱ ቢያያት አያውቃትም" አሉ። የጠገበ ሰው አድናቆት እንዲህ እንደሚያስጠላ ያን ቀን አወቅሁ።

ኡሙሃኒን ደግፌ አመጣኋት። የኋላውን በር ከፈትኩላት። ወንበሩን አየችው።

"የቱ ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ጠባሳው ያለበትን ቁራጭ ወደ ውስጥ ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ። የቱ እንደሆነ አልነገርኳትም። እሷም ገባችና ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሀል እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

"ወንበሩ ላይ ውጪ እንጂ ሴትዮ፣ ለማን ነው የተሠራው?" አሉ ባላምባራስ ከፊት ሆነው።

"እዚሁ ይሻለኛል ጌታዬ" አለች።

እንዲያው ወለል ላይ እንደተቀመጠች ሄደች። ኮምቦልቻ ድረስ አንዴም እንዳልተነሳች መኪናዋን የነዳው ሐድጉ በኋላ ነግሮኛል።

ሐምሌ ላይ ዘነበ። እንዴት ያለ ዝናብ! ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ሜዳውን አለበሰው። ሮቢት ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። የስድስቱ ቤት መሬት ጠጥቶ ጠግቦ ተኝቷል። እግሬን ሳሳርፍ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ዘር ቢያገኝ በሦስት ቀን የሚያበቅል አፈር ነው። የሚዘራ ሰው ግን የለም፤ የሚዘራም ነገር የለም። እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሐድጉ የባላምባራስ ሾፌር ሆኖ ቀርቷል። ከደሴ በተመለሰ ቁጥር ከኡሙሃኒ መልእክት ያመጣልኛል። ደህና ነች፣ ሥጋዋ ተመልሷል። ሰላምታዋ አጭር ነው፤ ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ሮቢት ዘነበ ወይ?

ዘንቧል ካልኳት ያን መሬት ታየዋለች። ስድስቱን ቤት፣ ቀንበሩን፣ ሐምሌ ድረስ ልትይዛቸው የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ካልዘነበ ግን የያዘችው ምስጢር ቢወጣም ባይወጣም ያው ነበር፤ ሁሉም መሄዱ አይቀርም ነበር። ይህን ብቻ ነው ልሰጣት የምችለው።

"ምን ልበላት?" አለኝ ሐድጉ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጥላ እየደበደበው መደማመጥ አቅቶን ነበር።

"አልዘነበም በላት" ብዬ ጮህኩ።

ሐድጉ ዞር ብሎ ፔጆዋን አየ። እስከ መስኮቷ ድረስ የራያ ጭቃ ለብሳለች።

"ኮምቦልቻ ሳትገባ እጠባት" አልኩት።