ደብዛዛው አምፖል

የጓሮውን ክፍል በር ገርበብ ከማድረጓ ሽታው ተቀበላት። እርጥብ ገለባ፣ ኩስ፣ ከሁለቱም የከፋ ጣፈጥ የሚል ግማት። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ይዛ ወደ ትልቁ ሳጥን ጎንበስ አለች። ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ከላይ ያሉት ይንጫጫሉ፤ ከታች ያሉት ተጨፍልቀው ከገለባው ጋር ተጣብቀዋል። አንዱን ስታነሳው ሆዱ ጣቷ ላይ ፈረጠ። ሮጣ ወጣችና ግድግዳ ተደግፋ አስመለሳት።

"ዛሬም ሞቱ?" አላት የባሏ ታላቅ ወንድም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል፤ ቅርፊቱን እግሩ ሥር ይጥላል።

"ሞቱ፣ ጋሼ።"

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ጫጩት ላርባ ስትል የሚያሞቋቸውን አምፖሎች የሰቀለላት ይኸው ከእነሱ ጋር የሚኖረው ወንድሙ ነው፤ ኤሌክትሪክ ድሮ ሠርቻለሁ ይላል። በትንሹ ሳጥን ላይ ባለ አርባ ዋት፣ በትልቁ ላይ ባለ መቶ አደረገላት። ትንሹ ሳጥን ወገግ አለ፤ ጫጩቶቹም ይቦርቃሉ። የትልቁ አምፖል ግን ክሩ ቀላ ከማለት አላለፈም።

"አምፖሉ ተራ ስለሆነ ነው" ብሏት ነበር። ባለ ሁለት መቶ ገዝታ መጣች። ሲቀይረው ጭራሽ ደበዘዘ። "አልኩሽ እኮ" አለና ጥርሱን በጥፍሩ እየጎረጎረ ሄደ።

አሁን ቢቸግራት ፊዚክስ የምታስተምረውን ታናሽ እህቷን ጠራቻት። እህቷ ቴስተሯን ይዛ ገባች፣ አፏን በመሐረብ ሸፍና። በትንሹ አምፖል ሁለት ጫፎች ላይ ለካች፤ መቶ ሰማንያ ሦስት ቮልት። በትልቁ ላይ ለካች፤ ሠላሳ ሰባት።

"ድምሩ ሁለት መቶ ሃያ ነው፣ ከግድግዳው የሚመጣው" አለች።

"ትልቁ አምፖል ብዙውን መውሰድ አልነበረበትም?"

"በዚህ አገጣጠም አይወስድም። ሽቦው በአንዱ ገብቶ ወጥቶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። የሚያልፍባቸው ከረንት እኩል ነው፤ ቮልቴጁን ግን ይካፈሉታል። ብዙ የሚደርሰው ይበልጥ ለሚያግደው ነው። የባለ አርባው ክር ቀጭን ነው፣ በጣም ያግዳል። የባለ ሁለት መቶው እንደ ልብ ያሳልፋል።"

ሴትየዋ ሁለቱን አምፖሎች ደጋግማ አየች። "እንግዲያው ትልቅ ባመጣሁለት ቁጥር የሚያግደው እያነሰ፣ ድርሻውም እያነሰ ነው የሄደው። በገዛ እጄ አበረድኳቸው።"

"አዎ።"

"እያንዳንዱ ለብቻው ከግድግዳው ሁለት ሽቦ ቢሳብለትስ?"

"ያኔ አይካፈሉም። ለሁለቱም ሙሉው ይደርሳቸዋል።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" አለ የባሏ ወንድም ከበሩ ላይ። የእንቁላል አስኳል ከንፈሩ ጥግ ደርቋል። "ሽቦ አንሶኝ ነው እንጂ።"

ሴትየዋ ቀና አለች። "አንድ ጥቅል ሙሉ ሰጥቼዎት አልነበረም?"

"የቀረውን ወደ ክፍሌ ሳብኩት። አልጋዬ ጋ ሶኬት አልነበረማ።"

"እየሞቱ እያዩ?"

"ጫጩት ነው እኮ። ጫጩት ይሞታል" አለና ምላሱን አውጥቶ አስኳሉን ላሰው።

የጫጩቱ ሆድ ጣቷ ላይ ሲፈርጥ እንኳ እንዲህ አልቀፈፋትም።

"አንተ" አለችው፤ እስከዚያች ቀን አንቱ ስትለው ኖራለች። "ከፊቴ ዞር በል።"

ቆጣሪውን አጥፍታ ወደ ሰውየው ክፍል ገባች። የላብ፣ የካልሲና የከረመ ቅርፊት ሽታ። ሽቦውን ከአልጋው ኋላ ስትስብ ከፍራሹ ሥር በረሮዎች ተበተኑ። አልተመለሰችም፤ እስከ መጨረሻው ነቅላ ጠቀለለችው። እህቷ ለእያንዳንዱ አምፖል የራሱን መስመር ዘረጋች። ባለ ሁለት መቶው ያቃጥላል ብለው ባለ መቶውን መለሱት። ቆጣሪውን ሲያበሩ ትልቁ ሳጥን ቦግ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ የተደራረቡት ጫጩቶች ተላቅቀው ገለባው ላይ ተዘረጉ።

የሞቱትን በባልዲ ሰብስባ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችለት። "ቅበራቸው" አለችው። ሲያጉረመርም ቆየና ባልዲውን ከራሱ አርቆ ይዞ፣ አፍንጫውን ጨብጦ ወደ ጓሮ ሄደ። ያን ሲያደርግ ስታየው ይበልጥ ቀፈፋት።

ባሏ ስልክ ሲደውል ነገረችው። "ታላቄ ነው፣ ቻይው" አላት። የቀሩት ጫጩቶች አደጉ፤ አንዱም አልሞተም። ሰውየው ግን አሁንም እዚያው ነው። ምግቡን ለብቻው ታቀርብለታለች፤ ከእሱ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ እጇን መክተት አልቻለችም።