በባለሞላ ኮርቻ የሄደ ቅቤ

ልጄ ኑሃ ቡራዩ በባሏ ቤተሰብ ቤት የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል፣ እኔ መናገሻ ነበርኩ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በርትቶ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ መኪና የሚባል የለም። በእኛ ደግሞ የአራስ ገንፎ ቅቤ ከእናቷ ቤት ካልሄደ ጉድ ነው። አማቷ ራያ ምላሷ አያርፍም፤ "ወላጅ የላትም እንዴ?" ትላለች። ልጄ በሰው ቤት አንገቷን ከምትደፋ ሞቴን እመርጣለሁ።

ባሌ ሀሰኖ አሮጌ ብስክሌቱን አወጣ። ኮርቻው ከስሩ ሁለት ወፋፍራም ሞላዎች አሉት። የተነጠረውን ቅቤ በጠርሙስ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በጠፍር የሚታሰር የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። እሱ ቦርሳውን ከሞላዎቹ ጋር እንደ አህያ ጭነት ጥፍር አድርጎ አሰረው።

"እስቲ ተቀመጥበት" አልኩት።

ሲቀመጥ ሞላዎቹ ተጨፍልቀው ጠፍሩን ነከሱት፤ ቦርሳው ጎማው ላይ አረፈ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቅቤዬን አስፋልት ልታጠጣው ነው?" ብዬ ፈታሁት። ጠፍሮቹን ከሞላዎቹ ወደ ፊት አርቄ፣ ኮርቻውን በተሸከሙት ዘንጎች አሳለፍኳቸው። የቦርሳውን የታችኛውን ማሰሪያ ከኮርቻው ቋሚ ብረት ጋር አጠበቅኩት። ሀሰኖ እንደገና ተቀመጠ። ጠፍሩ ተረፈ፤ ቦርሳው ግን አሁንም ጎማውን ነካ።

"ይሄ የቦርጭህ ጥፋት ነው። ውረድ!"

እኔ ስቀመጥ ግን ቦርሳው ጎማውን አልነካም፤ ሀሰኖ በመሃላቸው እጁን አሾለከ።

"መብሩካ፣ በዚህ ዕድሜሽ ልትነጂ?" አለኝ ደንግጦ።

"የወንድሜን ብስክሌት ስነዳ ነው ያደግኩት። ዞር በል!"

ገና ከከተማው ስወጣ ወጣቶች የድንጋይ ክምር አጠገብ አስቆሙኝ። "ሀርሜ፣ ኤሳ ዴምቱ?" አለኝ አንዱ በኦሮምኛ፤ "እናቴ፣ ወዴት ነው?" ማለቱ ነው።

"ኢንተሊ ኮ ዴሴ! ልጄ ወልዳለች!" አልኩ ቆጣ ብዬ። ሳቁና ብስክሌቱን ተሸክመው አሻገሩልኝ። "ቀስ በሉ! ቅቤ ነው!" እያልኩ ከኋላቸው ተከተልኩ።

ቡራዩ ደርሼ በራቸውን አንኳኳሁ። ራያ በሩን ስትከፍት ጠርሙሱን አውጥቼ ሰጠኋት። ጠብታ አልፈሰሰም።

"ማን አመጣዎት?"

"ማንም። ራሴ ነድቼ መጣሁ።"

ብስክሌቱን አየች፤ እኔን አየች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ጎረቤቶቿ በር ጮኸች፦

"ኑ! ልጄ የማንን ልጅ እንዳገባ ኑና እዩ!"