የጎል ዳኛው አንድ ጣት

ጨዋታው ካለቀ ገና ብዙም አልቆየም፤ የሙልጋራ ሰዎች ግን ድሉን በአፋቸው ደጋግመው ተጫውተውታል። መኪኖቻቸውን አፍንጫቸውን ወደ ሜዳው አዙረው በአጥሩ ዙሪያ ደርድረዋል። የፒክአፖቹን የኋላ መዝጊያ አውርደው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ትኩስ የሥጋ ፓይ በወረቀት ይዘው ያወራሉ። ተጠባባቂው ቡድን ቤንብሩክን በሁለት ነጥብ ረትቶ ለዋንጫ አልፏል። ይህ ደግሞ የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ጡት ሳይጥሉ ጀምሮ ያልታየ ነገር ነው። ዋናው ቡድን ከትንሽ ጊዜ በኋላ እዚሁ ሜዳ ላይ የራሱን ጨዋታ ይጫወታል፤ እሱን ግን ያነሳ የለም።

የጎል ዳኛው ኔቪል ስትራውድ ሁለቱን ባንዲራዎች በብብቱ ሸጉጦ፣ ነጩን ጋውን እንደለበሰ ከጎሉ በኩል ሲመጣ አንዱ መኪና ክላክስ ነፋ። ሌላው ተከተለ። ወዲያው መስመሩ ሁሉ ጮኸለት።

“መጣ! የቀኑ ኮከብ መጣ!” አለ ሌስ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ፓይ ሳይውጥ። ሌስ በየሳምንቱ ከኔቪል መኪና አጠገብ የሚያቆም ቦርጫም የበግ አርቢ ነው። “እኔ ከዛሬ ጀምሮ ፎቶህን ሳሎኔ እሰቅላለሁ!”

“ሚስትህ ታወርደዋለች” አለ ኔቪል እየሳቀ።

“የሷን አውርጄ ነው የምሰቅለው!”

ዶት ከወንበሯ ሳትነሳ እጁን ሳብ አደረገችው። ዶት ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድም ጨዋታ ያላመለጣት፣ ሹራብ እየሠራች የምትሳደብ አሮጊት ናት። “ጎበዝ” አለችው ዝግ ብላ፤ “ለገዛ አማችህ እንኳ ያልራራህ! አንጀቴን ነው ያራስከው።” ከዚያም በአንድ ዓይኗ ጠቀሰችው።

ኔቪል መጀመሪያ ጥቅሻዋን ልብ አላለውም። ሌስም ሲጠቅሰው፣ ከወዲያኛው መኪና አንድ ሰው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ “አንድ ብቻ! አንድ!” እያለ ሲንከተከት ግን ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

“ኳሷን የኛ ጄድ ነው እኮ የነካት” አለ።

“አዎ፣ አዎ” አለ ሌስ፤ “ነክቷታል። በደንብ ነው የነካት። እኛ ምን አልን?” በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁ።

በተጠባባቂዎች ጨዋታ እያንዳንዱ ክለብ የራሱን የጎል ዳኛ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ይቆማል። ይህ ከድሮ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ሰውየው ባንዲራውን ካነሳ በኋላ የማንም ወገን አይደለም ተብሎ ይታመናል። ወይም ኔቪል እንደዚያ የሚታመን ይመስለው ነበር። ሙልጋራ ውስጥ ባንዲራውን ለዘመናት የያዘው እሱ ነው። በሥራ ቀን የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይነዳል፤ ዛሬ ከተጫወቱት ግማሾቹ ልጆች እሱ ከየእርሻቸው በር እያነሳ ያሳደጋቸው ናቸው።

የመጨረሻዋ ኳስ የመጣችው በእሱ በኩል ነበር። ሙልጋራ በሦስት ነጥብ እየመራ፣ ቤንብሩኮች እንቁላል መሳይዋን ኳስ ለሃሚሽ ሰጡት። ሃሚሽ የኔቪልን ልጅ ብሮንዊንን ያገባ ነው። ከጎሉ ፊት ለፊት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ካልሲውን ወደ ላይ ስቦ፣ መታት። ኳሷ አየር ላይ እያለች የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን ጮኸ። ጎል ከሆነች ስድስት ነጥብ ናት፤ ቤንብሩክ ያልፋል። መስመሩ ላይ የቆመ ተከላካይ እጅ ከነካት ግን አንድ ነጥብ ብቻ። የሙልጋራ ልጆች ሁሉ መስመሩ ላይ ተጨናንቀው ዘለሉ። የእጅ ጫካ ሆነ። ኔቪል ከዚያ ጫካ መሃል የጄድ ጣቶች ወደ ኋላ እጥፍ ሲሉ አየ። ኳሷ ከራሱ በላይ አለፈች። ቤንብሩኮች ጎል መስሏቸው ከወዲያ ማዶ ክላክሳቸውን ነፉ። የመሃል ዳኛው ሮጦ መጥቶ ዓይን ዓይኑን አየው፤ ኔቪል አንድ ጣት ቀሰረ፤ ከዚያ አንድ ባንዲራ አውለበለበ፤ ጎል ቢሆን ሁለቱንም ነበር።

በዚያን ጊዜ ቅንጣት አልተጠራጠረም። አሁን ግን ዶትን ትኩር ብሎ አያት።

“አንቺ፣ ነክቷታል ብለሽ አታምኚም?”

“እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አያለሁ?” አለች ዶት፣ ዓይኗን ከሹራቧ ሳታነሳ። “ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ማለፋችንን ብቻ ነው የማየው። ለምን ታደርቀኛለህ? ማንም ምንም አላለህም።”

ማንም ምንም አላለውም፤ ልክ ናት። የከነከነውም እሱ ነው። ኔቪል የመኪናውን መዝጊያ ተደግፎ ቆመና ያለፉትን ዓመታት ወደ ኋላ ማገላበጥ ጀመረ። ያቺ በዝናብ ሲጫወቱ ቋሚውን ጨርፋ ገባች አልገባች የተባለችው ኳስ። ያ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ የገባችበት ቀን። ሁልጊዜ ሲመለስ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉት ነበር፤ ቢራ ይጋብዙት ነበር። “እንዳንተ ያለ ዳኛ የለም” ይሉት ነበር። ምን ማለታቸው ነበር? ስንቱ ያኔም ይጠቅስ ነበር?

ሄዶ ጄድን ሊጠይቀው ወሰነ።

ጄድ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ውጪ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ችግሩ ግን ጣሪያ ጥሳ ለምትሄድ ኳስ እንኳ “ነካኋት!” ብሎ የሚጮህ ተከላካይ መሆኑ ነው።

“ጄድ፤ ነካሃት?”

ጄድ ቀና ብሎ አየውና ግራ ቀኙን ቃኘ። “አንተ ምን አልክ?”

“ነክተሃታል ብያለሁ።”

“እንግዲያው ነክቻታለሁ።”

“የምሬን ነው የምጠይቅህ።”

“እኔም የምሬን ነው፣ ኔቭ። ያን ሁሉ ሰው አላየህም? ክርን መታኝ፣ ጉልበት መታኝ። አንድ ነገር እጄን ነክቶኛል። ኳስ ይሁን የሰው ጆሮ በምን አውቃለሁ?” ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። “ማነው የላከህ? የሊጉ ሰዎች ናቸው? ሊያጣሩ ነው? ምን በል ትለኛለህ? ያልከኝን እላለሁ።”

ኔቪል ሊመልስለት ሲል የክለቡ ሊቀ መንበር ትሬቨር ከኋላው መጥቶ አንገቱን አቀፈው። ትሬቨር እጁ የማያርፍ፣ ሁሉን ሰው የሚያቅፍ ሰው ነው።

“ስፈልግህ ነበር! ለቅዳሜው ዋንጫም ባንዲራውን የምትይዘው አንተ ነህ። ኮሚቴው እዚያው ቆመን ነው የጨረስነው። እንዳንተ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን።”

ኔቪል ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። አውቶቡሱን ባዶውን ሲነዳ፣ የዋንጫ ቀን፣ ሙሉ ሕዝብ፣ እሱ በጎሎቹ መሃል፣ እያለ ስንት ጊዜ አልሞታል።

“እንዴት ያለ ሰው?” አለ።

“ታውቀዋለህ” አለ ትሬቨር። እሱም ጠቀሰው።

“አስቤ እነግርሃለሁ።”

“ምኑን ነው የምታስበው?” አለ ትሬቨር፤ ሳቁ ውስጥ ጥርጣሬ ብቅ አለች። “የልጅህ ነገር ነው?”

ኔቪል የትሬቨርን ክንድ ከአንገቱ ላይ አነሳ። ሜዳውን ዞሮ ወደ ቤንብሩኮች መስመር ሄደ።

እዚያ ክላክስ የነፋለት የለም። በእያንዳንዱ መኪና ፊት ሲያልፍ ወሬው ይቋረጥና ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። አንዲት ሴትዮ መስኮቷን ከፍ አደረገች። “መነጽር እናዋጣለት?” አለ አንድ ድምፅ። “ምን መነጽር ያደርግለታል? አጥርቶ ነው የሚያየው!” አለ ሌላው።

ብሮንዊን መኪናቸው አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እንደ ወትሮዋ ሮጣ አልሳመችውም። ሃሚሽ ከኋላ መዝጊያው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ የበረዶ ከረጢት ይዟል። አማቱን ሲያይ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

“አባዬ” አለች ብሮንዊን፤ “አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቆጣ። እውነት አይተሃል?”

“አይቻለሁ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ አሁን አንቺን እንደማይሽ ነበር ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ግን የኛ ሰዎች እየጠቀሱኝ ያየሁትን ከዓይኔ ላይ አጠፉብኝ። አሁን አላውቅም፣ ልጄ። የምር አላውቅም።”

ሃሚሽ አንገቱን አስግጎ በመኪናው ጥግ በኩል ማንም እንደሌለ አየ።

“ነክቷታል” አለ በሹክሹክታ።

“ምን?” አለች ብሮንዊን።

“ነክቷታል። የመታኋት እኔ ነኝ፤ ከእግሬ ስትነሳ ጀምሮ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሳሁም። ወደ ኋላዋ እየተገለበጠች፣ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው። መስመሩ ላይ ስትደርስ ተንገዳገደች፤ አፍንጫዋን ወደ ጎን ጣለች። ንፋስ እንደዚያ አያደርጋትም። ጣት ነው።”

ኔቪል የመኪናውን ጎን ያዘ። ብሮንዊን ግን ባሏን አፍጥጣ እያየችው ነው።

“ታዲያ ቅድም ‘አባትሽ ዘረፈን’ ያልከኝ ማነህ?”

“ሰው ሁሉ ሲል ነበራ! ምን ልበል? ‘አይ፣ ልክ ነው’ ብል፣ ከአማትህ ጋር ተመካክረህ ነው የሚሉኝ። እኔ እኮ ከነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምኖረው።”

“ና፤ አሁን ተናገር” አለ ኔቪል። “ለአንድ ሰው እንኳ ይሁን።”

ሰውየው እንደ ተጠራ ብቅ አለ፤ የቤንብሩክ አሠልጣኝ ነው። ኔቪልን ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠውና የሃሚሽን ጀርባ መታ አደረገ። “አይዞህ፣ ልጄ። ጎልህን ማን እንደወሰደብህ ሁላችንም እናውቃለን።”

ሃሚሽ አፉን ከፈተ። ብሮንዊንን አየ፤ ኔቪልን አየ። “እንግዲህ ምን ይደረጋል” አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

አሠልጣኙ ሄደ። ብሮንዊን የበረዶውን ከረጢት ከባሏ ጉልበት ላይ አንስታ ሣሩ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ አባቷን ጉንጩን ሳመችው።

“ልትነግራቸው ነው?” አለ ሃሚሽ፣ ዓይኑ እየተቁለጨለጨ። “ለናንተ ሰዎች? እኔ ነገርኩህ ብለህ?”

“ብነግራቸውስ ማን ያምነኛል? ቤተሰብ ተሰብስቦ ያወጣው ነው የሚሉት። ጉልበትህን አስታም፣ አንተ።”

ሲመለስ የዋናው ቡድን ተጫዋቾች ወደ ሜዳ እየወጡ ነበር። ከመኪናው አጠገብ ትሬቨር፣ ሌስና ዶት አንገት ለአንገት ገጥመው ያወራሉ፤ ሲያዩት ተለያዩ። የት እንደነበረ አይተውታል።

“እህስ?” አለ ትሬቨር። “ከልጆቹ ጋር ሰላም ነው? ቅዳሜን ተስማማን?”

“ተስማምተናል። እይዛለሁ።”

“ይሄዋ!” አለ ሌስ።

“ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ቅዳሜ የኛ ልጅ መትቷት የነሱ ሰው በጥፍሩ ጫፍ ቢነካት፣ አንድ ጣት ነው የምቀስረው። ሳይረኑ ቢጮህም፣ ዋንጫው ቢሄድም፣ አንድ ጣት።”

ሌስ ሊስቅ ጀምሮ የኔቪልን ፊት ሲያይ ተወው። የዶት እጅ ሹራቡ ላይ ቆመ።

“በኛ ላይ?” አለች።

“በኛ ላይ።”

“ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እያየ?”

“ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ እያየ።”

ሦስቱም እንደ እንግዳ ሰው አዩት። የጠቀሰው የለም። ኔቪል ቀኑን ሙሉ የፈለገውን አሁን ፊታቸው ላይ አነበበው፤ አምነውታል። አምነውት ደግሞ ደንግጠዋል።

ትሬቨር ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። “እኔ እንኳ ሳስበው… አንተ ዘንድሮ ብዙ ደክመሃል። ከቤተሰብ ጋርም ነገሩ ጥሩ አይደለም። ቅዳሜን ለምን አታርፍም? ሌስ ቢይዘው ምን ይመስልሃል?”

“ሌስ?” አለ ኔቪል። “ሌስ ኳስ ከፓይ ይለያል?”

“እለያለሁ!” አለ ሌስ፤ ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ኔቪል ጋውኑን አወለቀ። ያቺ የዋንጫ ቀን ሕልሙ ከላዩ ላይ ስትወርድ ተሰማችው። ጋውኑን ለሌስ ሰጠውና ከዶት አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሌስ እዚያው ለካው፤ ቦርጩ ላይ አልገጥም አለው። ትሬቨር ከኋላ እየጎተተ፣ ሌስ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ፣ ይታገሉ ጀመር።

ዶት ወደ ኔቪል ጎንበስ አለች።

“ኔቭ። እንዲያው በእናትህ፤ ያ ልጅ ነክቷት ነበር እንዴ?”

“ነክቷት ነበር።”

ፊቱን ለረጅም ጊዜ መረመረችው። ቀስ በቀስ መጨማደዷ ሁሉ ፈታ እያለ መጣ፤ እንዲህ ስትስቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያያት የለም።

“እንግዲያው አሸንፈናላ!” ብላ ጭኑን መታችው። ከዚያ ወደ ሌስ ዞራ ጮኸች። “አንተ ሌስ! የምር አሸንፈናል እኮ!”

ሌስ የጋውኑን ቁልፍ በሁለት ጣቱ እንደያዘ፣ ትንፋሹን እንዳፈነ፣ በጥርጣሬ አያት።

“ታዲያ እስካሁን ምን ስንል ነበር?” አለ።