የተስቦ ለቅሶ

«ንፋሱ ከቤቱ በኩል ነው፤ ራቅ በሉ» አለች ጎረቤቷ ጤናዬ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍና፣ ከአጥሩ ውጪ ለቆሙት ሴቶች።

የብርጓል ከደጃፏ ሰማቻት።

«ንፋሱንም ለጣልያን ጠቁሚና ይሰርልሽ!»

ማንም አልሳቀም። ባሏ እንዳላማው ከተቀበረ ሰልስቱ ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ የገባ ለቀስተኛ ግን የለም። ሰው ከሩቅ «ነፍስ ይማር» ይልና እንጀራውን ከአጥሩ ሥር አስቀምጦ ይመለሳል። የጣልያን ፖሊሶች ሬሳውን ከደብረ ማርቆስ በበቅሎ ሲልኩ፣ ጭቃ ሹሙ «በተስቦ ነው የሞተ» ብሎ ለፈፈ። የቁይ መንደር ደግሞ ተስቦን ያውቀዋል፤ ባለፈው ክረምት ስንቱን ቤት ጠርጎታል። ካህናቱ እንኳ ፍትሐቱን ከሩቅ አደረሱ። ሬሳውን ላጥብ ያለ ጎረቤታቸው ውበቱ ብቻ ነበር፤ እሱም አጥቦ ገንዞ፣ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

«ተይ ልጄ» አሉ የእንዳላማው እናት እሜቴ ጥሩነሽ ከጥጉ። «በምንም ይሙት፣ እንግዲህ አይመለስ።»

«የተስቦ ሬሳ እጁ ላይ የገመድ ሰንበር አለው፣ እሜቴ? እኔ አይቻለሁ። ሰው እንደ ውሻ ገድለው፣ አልቃሽም ይከልክሉት?»



ለዚህ ያበቃው ጠመንጃ ነው፤ ያውም የሰው። በሠርጋቸው ቀን እንዳላማው የውበቱን ጠመንጃ ተውሶ ፎክሮ ነበር። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው፣ «እኔ ገዳይ!» እያለ አቧራ ሲያስነሳ፣ የብርጓል በተከናነበችው ውስጥ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። አገር አየው። ጣልያን መሣሪያ ሲለቅም አገር ያየው አልተረሳም። መጥተው እዚሁ ደጃፍ ላይ የፊጥኝ አሰሩት።

«ጠመንጃህን አምጣ!»

«ጠመንጃ የለኝም።»

«የፎከርህበት የማን ነበር?»

የብርጓል አፏን ስትከፍት በዓይኑ ከለከላት። እሱም አልተናገረም፤ እንደታሰረ ወደ ደብረ ማርቆስ ነዱት። እሷም እስከ ዛሬ አልተናገረችም፤ የሚናገር ካለ ባለጠመንጃው ይናገር ብላ።

ከቀትር በኋላ ውበቱ መጣ።

«ኧረ ልጆችህን!» ብላ ጤናዬ ጮኸችበት። አልሰማትም፤ አጥሩን አልፎ መሐል ግቢው ላይ ቆመ።

«ምን ልትሆን መጣህ?» አለችው የብርጓል። «ተስቦው እንዳይጋባብህ።»

ውበቱ ወደ አጥሩ ዞረ። 

«ያጠብሁት እኔ ነኝ» አለ። «ተስቦ ቢሆን፣ ልጆቼን በዚህ እጄ አቅፌ አድር ነበር? በአለንጋ ነው የገደሉት። ጀርባው... ጀርባ አልነበረውም። ጠመንጃው የእኔ ነው፤ የእኔን ስም ላለማውጣት ነው የሞተ። የሚጠይቅ ቢመጣ እንዲህ አለ በሉ።»

 ከዚያ ጤናዬ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ገባች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ግቢው በደረት ምት ተናወጠ። እሜቴ ጥሩነሽ ግድግዳውን ይዘው ወጡ፤ ሦስት ቀን የታፈነው ለቅሷቸው ያን ጊዜ ወጣላቸው።

ውበቱ ከየብርጓል እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ይንሰቀሰቃል። ለዚህ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ያጠራቀመችው ስድብ ነበራት፤ ብትፈልገው አጣችው። ጎንበስ ብላ መዳፏን ጀርባው ላይ አኖረች፤ በጣም በቀስታ፣ እንዳያመው።