የስምንት ዓመት ወረቀት

ፊያት መኪናዬን ያቆሙብኝ በታኅሣሥ ነው።

አሰብ፣ ካምቦ ሱዳን ሠፈር ውስጥ እኔንና መኪናዬን የማያውቅ የለም። እቴናት በረዶ ይሉኛል። ባሌ ውድነህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የነዳጅ ማጣሪያው ሾፌር ነበር፤ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያስተማረኝም ወዶ ሳይሆን ወገቡን ሲያመው ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በረዶ እጭናለሁ፣ በጆንያና በሰሌን እጠቀልላለሁ፣ ራሔይታ ላሉት ዓሣ አጥማጆች አደርሳለሁ፣ የእነሱን ዓሣ በተረፈው በረዶ ሸፍኜ እመለሳለሁ። ፀሐይ ከቀደመችኝ የማደርሰው ውሃ ነው። ስለዚህ እኔ ተዝናንቼ የነዳሁበት ቀን የለም።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰው ሳይቀድመኝ እኔው እናገረዋለሁ። መንገድ ግን አነባለሁ። የትኛው አሸዋ ከላይ ደርቆ ከሥር እንደሚውጥ፣ የትኛው ጎማ እንደሚሸከም፣ ከመስኮት አንዴ አይቼ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ትራፊክ አስቆመኝና በኢትዮጵያ ጊዜ ያወጣሁትን መንጃ ፈቃድ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ ይህ የሌላ አገር ነው፣ ከእንግዲህ አይሠራም አለኝ። የሌላ አገር። ሃያ ስድስት ዓመት አሰብ ኖሬ፣ ባሌን እዚሁ ቀብሬ፣ ከቤቴ ሳልወጣ ውጭ አገር ገባሁ ማለት ነው። አዲሱን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መፈተን አለብሽ አሉኝ። እሺ። ለመፈተን የውጭ ዜጋ ስለሆንሽ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልግሻል አሉኝ። እሺ። የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ እስኪመጣ ድረስ የመጠባበቂያ ወረቀት ይሰጥሻል፣ ቀኑ እስካላለፈ ድረስ በእሱም መፈተን ይቻላል አሉኝ። ይህንኑ ለመስማት ሦስት መሥሪያ ቤት ደጅ ቆሜያለሁ።

የመጠባበቂያውን ወረቀት በጥር የጻፈችልኝ ፈይዛ ናት። አሰብ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ትንሽ ሳለች የመኪናዬን ስፖንዳ ተንጠልጥላ የበረዶ ስባሪ ስትለምነኝ አውቃታለሁ። አሁን ማኅተም ይዛ ተቀምጣለች። መቼ ነው የገባሽው ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ ሳትወለጂ አልኳት። አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ እማማ እቴናት በሦስት ወር ተመልሰሽ ነይ አለችኝ። ይህን ብላኛለች፤ አልክድም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሽኩር ሱቅ ገባሁና ወረቀቱን አስነበብኩት። ሽኩር የወሎ ሰው ነው፤ ሠፈራችን የመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነበው እሱ ነው። የተጻፈው በትግርኛ ነው። መነጽሩን ሰክቶ እየተንተባተበ ወረደና ታችኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«እትዬ እቴናት፣ እስከ ዐሥር፣ አራት፣ ዘጠና አምስት ይላል። ታኅሣሥ ዐሥር ማለት ነው። አሁን ሰማንያ ሰባት ነን። ኧረ ስምንት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም!»

በሦስት ወር ነይ ብላኛለች አልኩት። ልጅ ናት፣ ተሳስታ ይሆናል፣ ወረቀት ነው የሚታመነው አለኝ። ዕድሜ ልኬን የተማረ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲነግረኝ ኖሯል፤ የአፍ ቃል ዋጋ የለውም፣ ወረቀት አምጪ። እኔ ደግሞ ወረቀትን አምኜ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አመንኩ። ጊዜ መርጬ።

ማመን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ አወራሁት። የውሃ ቦቴው በሚመጣበት ሰዓት ጀሪካኑን ደርድሮ የሚሰለፈው የሠፈሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ስምንት ዓመት ሰጡኝ አልኩ። ሰው ወረቀቱን እያወጣ ወደ ሽኩር ሮጠ። የሁሉም ስምንት ዓመት ሆነ። ጎረቤቴ ትሩፋት፣ ባሏ ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራው፣ የእሷ ከእኔ በሦስት ቀን በለጠ፤ እኔም ለሦስት ቀን ቀናሁባት። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ወረቀቱን ከሳጥን ሥር ከትቶ ተኛ።

እኔ ግን ፈተናው ቀረኝ። ፈታኙ አሰብ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ ይቆይና ወደ ጥዖና ወደ ዒድ ይሄዳል፣ በወሩ ይመለሳል። ስሜ ለሚያዝያ ተያዘ። እስከዚያ ሾፌር ቀጠርኩ። መንገድ ላይ ለሻይ ብሎ ቆሞ ጫቱን ሲቅም በረዶዬ ፈሰሰ። ሁለተኛውም ያው ነው። ተውኩት፤ ፊያቷን ሰሌን አልብሼ አቆምኳት። የራሔይታዎቹ አለቃ ሰዳም መልእክት ላከብኝ። ሰዳም ቃል የማያበዛ ሰው ነው። እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በጅቡቲ ጀልባ በረዶ የሚያመጣልኝ አግኝቻለሁ አለ። ጾም ነው፤ ለፋሲካ ዐሥር ቀን ቀርቶታል፤ በዓመት ውስጥ ዓሣ የሚፈለገው አሁን ነው። ይህን ምልልስ ከተነጠቅኩ በኋላ መንጃ ፈቃዱን አንገቴ ላይ ላስረው ነው?

የፈተናው ቀን ረቡዕ ነበር። ፈታኙ ሺዳ ጫማ ያደረገ፣ ታጋይ ሆኖ ከሜዳ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። አደይ ብሎ ጠራኝ፣ በትግርኛ እናቴ ማለቱ ነው፤ ደስ አለኝ፣ ግን አላሳየሁትም። ፊደል እንደማላውቅ ነገርኩት። እንግዲያው በቃል ነው አለና ሥዕል ዘረጋልኝ። ሦስት ማዕዘኑን አሳየኝ፤ ቅድሚያ ስጥ አልኩት። ሌላውን አሳየኝ፤ መግባት ክልክል አልኩት። ይህንንስ የት ነው ያየሽው አለኝ። አሰብ ውስጥ አንድ ምልክት ነው ያለው፣ እሱንም ግመል እያከከበት አጋድሞታል አልኩት። ሳቁን ለመደበቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ከዚያ በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ወደ ጨው ሜዳው ሄድን። በበርሜሎቹ መካከል ወደ ኋላ ንጂ አለኝ፤ ነዳሁ። ወደ ግራ ታጠፊ አለኝ። ግራው አሸዋ ያብረቀርቃል። ይውጠናል አልኩት። ፈታኙ እኔ ነኝ፣ ታጠፊ አለ። ታጠፍኩ። ዋጠን። ሞተሩን አጥፍቼ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እሱ ወረደ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ የሚገፋ ሰው ይኖር እንደሆነ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ፀሐይዋ እንደ ምድጃ ናት፣ ሰው የለም።

ትንሽ አቆየሁትና ወረድኩ። ከነጠላዬ ጫፍ ምስማሬን ፈታሁ፤ ያለ ምስማር ከቤት አልወጣም። አራቱንም ጎማ ሆዳቸው ዘርጋ እስኪል አስተነፈስኩ፤ የሰፋ ጎማ አሸዋ ላይ ይሄዳል፣ የተነፋ ይቆፍራል። የመቀመጫውን ሰሌን ከኋላው ጎማ ሥር አነጠፍኩና ገባሁ። ግፋ አልኩት። ገፋ። በሁለተኛው ማርሽ ቀስ አድርጌ አወጣኋት። ወገቤ ሊበጠስ ነበር፤ ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው።

ቢሮው ስንመለስ አልፈሻል አለና ጻፈ። ወረቀትሽን አምጪ አለኝ። ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አየው፣ እንደገና አየው፣ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

«አደይ፣ ይህ ከትናንት ወዲያ ሞቷል።»

«ስምንት ዓመት አለው» አልኩት።

ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ወሰደኝ። አሁን እዚህ ቀን የሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አራት የሚባለው ታኅሣሥ ሳይሆን ሚያዝያ ነው፤ ዘጠና አምስት የሚባለውም ዛሬ ያለንበት ዓመት ነው አለኝ። ዛሬ ነው? አልኩት። ዛሬ ነው አለኝ። በቆምኩበት ስምንት ዓመት አረጀሁ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የፈተናሽን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አቆየዋለሁ አለ፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት የሚሠራ ወረቀት ይዘሽ ከመጣሽ ፈርሜ እሰጥሻለሁ፣ ከሶላት በኋላ ወደ ጥዖ መንገድ ላይ ነኝ፣ በወር ስመለስ እንደ አዲስ መፈተን ነው።

ከዚያው ወደ ፈይዛ ሄድኩ። በሦስት ወር ነይ ብዬሽ ነበር አለችኝ። በአፍሽ ነዋ አልኳት። የዕለቱን ሥራ ጨርሳለች፤ በቀን ሃያ ሰው ነው የምትጽፈው። ነገ በጠዋት ከመጣሽ የመጀመሪያዋ ትሆኛለሽ አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰሞኑን እኮ ሰው ጠፍቷል። የሠፈርሽ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው? ቀኑ ያለፈበት ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋበታል።»

ምን እንደነካቸው እኔ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ነክቷቸው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ በር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ እስከ ቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ለመነሳት ብቻ ያን ያህል ፈጀብኝ። እስከ ዓርብ ዝም ብል ማን ያውቃል? ነገ የመጀመሪያዋ እሆናለሁ፣ ወረቀቴን እወስዳለሁ፣ ፈታኙ ይፈርማል፣ ቅዳሜ ራሔይታ እገባለሁ፤ ከዚያ ለሠፈሩ እነግራለሁ። ሁለት ቀን ምን አላት? ከዚያ የትሩፋት ወረቀት ትዝ አለኝ። ከእኔ በሦስት ቀን የሚበልጠው። የሚያበቃው ነገ ነው። የባሏም ስም እዚያው ወረቀት ላይ ነው፣ ሥራው በእሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ማጣሪያው ቀኑ ያለፈበትን ሰው በር ላይ ይመልሳል። ሌሎቹም ከጥር ጀምሮ በየቀኑ የተጻፈላቸው ናቸው። የማን መቼ እንደሚዘጋ በምን አውቃለሁ? ማንበብ አልችል።

ቦቴው በሚመጣበት ሰዓት ደረስኩ። ጀሪካኑ ተደርድሯል፣ ሰዉ እንደተለመደው ይጨቃጨቃል። ጀሪካን ሳልይዝ ስመጣ ሲያዩኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀታችሁን አውጡ» አልኳቸው። «ስምንት ዓመት ያልኳችሁ ሦስት ወር ነው። እኔ ተሳስቻለሁ።»

ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ያልኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ለውድነህም ብዬው አላውቅ። አንዷ ከኋላ፣ እቴናት በረዶ ቀለጠች አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ከነዘር ማንዘሯ አነሳላት ነበር፤ ያን ቀን ጉልበት አልነበረኝም። ትሩፋት ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሽኩር ሱቁ ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ብስኩቱ ላይ ያለውን ቀን በየቀኑ በፈረንጅ አነባለሁ አለኝ፤ ግን ብስኩቱ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነው፣ ይህ በራሳችን ፊደል ተጽፎ ሳለ በሰው ቀን ይቆጠራል ብዬ በምን ልጠርጥር? አልፈረድኩበትም። እስክሪብቶህን ያዝና ተከተለኝ አልኩት። በየቤቱ ዞርን፤ እኔ አንኳኳለሁ፣ እሱ በየወረቀቱ ጥግ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። እስኪመሽ አልጨረስንም። በጠዋት ተነስተን አሰብ ሰጊር ያሉትን ሁለት ቤቶች ነገርን። ከዚያ ወደ ፈይዛ ቢሮ ሄድኩ።

ሠፈሩ በሙሉ ቀድሞኝ ተሰልፏል። ሠላሳ አንደኛ ነኝ።

አንዳንዱ ሲያየኝ ዘወር አለ፣ አንዳንዱ ነይ እለፊ አለኝ። ትሩፋት ስድስተኛ ናት። እማማ፣ የፈተናሽን ነገር ሰምቻለሁ፣ በእኔ ቦታ ግቢ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ አለችኝ። ከኋላ ያለው ሠላሳ አንደኛ ነው፤ የቀኑ ደግሞ ሃያ ነው።

«እዚህ ያሰለፈሽ የእኔ አፍ ነው» አልኳት። «ቁሚበት።»

ሐሙስ ሃያው አለቀ። ትሩፋት ወረቀቷን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ እጄን ሳመችኝ፤ ላቧ እጄ ላይ ቀረ። ዓርብ ዐሥራ አንደኛ ሆንኩ። ፈይዛ ቀና ሳትል ጻፈች፤ እኔም ጥላው በሸሸ ቁጥር አብሬው እየተጠጋሁ ጠበቅኩ። የእኔን ማኅተም ስትመታ አዛኑ ተሰማ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈችልኝ፣ ሳልጠይቃት።

መሮጥ አልችልም። ሄድኩ። የፈታኙ ቢሮ ተቆልፏል። ጥበቃው፣ ትንሽ ጠብቆሽ ነበር፣ አሁን ነው የወጣው አለኝ። በሩ ፊት ለፊት አሸዋው ላይ የፒካፗ ጎማ ፈለግ አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀጭን ነው፣ ጠልቋል። ጎማውን መልሶ ነፍቶታል። በዚያ ጎማ የጥዖን መንገድ አይወጣውም፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አሸዋው ይይዘዋል፣ እዚያ ደግሞ ግፋ የሚለው ሰው የለም። ብደርስበት ኖሮ ይህንንም እነግረው ነበር።

ቅዳሜ ሰዳም በረዶውን ከጅቡቲ ጀልባ ተቀበለ። ለእኔ የሰጠው ቀን ስላለቀ ነው እንጂ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ጾሙ ተፈታ፣ ፋሲካውም አለፈ። ፊያቷ ሰሌኗን ለብሳ ቆማለች፤ በየማለዳው ግን ሞተሯን አስነስቼ ትንሽ አሞቃታለሁ። ፈታኙ ሲመለስ እንደ አዲስ እፈተናለሁ። ከዚያ ራሔይታ ድረስ ነድቼ ሰዳምን ከፊቱ ቆሜ አናግረዋለሁ፤ የጅቡቲው በረዶ በጀልባ ሲመጣ ጨው እንደሚገባበት እኔ አውቃለሁ፣ እሱም ይወቅ።

ወረቀቴ እስከ ሐምሌ ሰባት ነው። የትኛው ሐምሌ እንደሆነ ፈይዛን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።